ቅቤ የጠጣው ገመድ

ከካቺሲ ወዲያ ስላለው ገደል ለመጠየቅ የሚደውሉልኝ ሰዎች ዛሬም አሉ። ኢንተርኔት ላይ የሆነ ቦታ፣ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተነድቶ የሚደረስባቸው፣ ብዙ ሰው ያላወቃቸው የገደል መውጫዎች የሚል ዝርዝር አለ አሉ። ሦስተኛው ቦታ ላይ የኔ ስልክ ቁጥር ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ «መንገድ የሚያሳየው ዱጋሳ የሚባል ተግባቢ የአካባቢው ማር ቆራጭ ነው» ይላል። ተግባቢ! ዱጋሳን የሚያውቅ ሰው ይህን ቢያነብ ሆዱን ይዞ በሳቀ። ሰውየው ሞቷል ስላቸው «ውይ፣ ነፍስ ይማር» ይሉና ትንፋሽ ሳይወስዱ «ታዲያ አሁን ማን ያሳየናል?» ብለው ይጠይቁኛል።

እኔ ይገዙ እባላለሁ። የተወለድኩት አምቦ ነው። አያቴ ከቡልጋ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው፤ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ስወጣ ኦሮምኛ እያወራሁ አደግኩ። ሥራዬ መንዳት ነው። የሰው ላንድክሩዘር ይዤ ወደ ገጠር የሚሄድ እንግዳ አመላልሳለሁ፤ ሁለቱን ቋንቋ ስለምችልም ማስተርጎሙን በነጻ እመርቅላቸዋለሁ። ዛሬ የማወራው ስለዚያ ምርቃት ነው።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ አራት ወጣቶች ከአዲስ አበባ መጥተው ለአምስት ቀን ተከራዩኝ። አለቃቸው ሰሎሜ የምትባል፣ መዳፏ እንደ ግንበኛ የሻከረ ልጅ ነበረች። የሚፈልጉት ድንጋይ ነው። ቆሞ የሚያምር፣ ጠንካራ፣ ገና ሰው ያልወጣበት ድንጋይ። ጌዶ አካባቢ የማውቀውን አንድ ገደል አሳየኋቸው፤ ሰሎሜ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገችና «የበሰበሰ ነው» አለች። ጭልሞ ጫካ ውስጥ ያለውን ደግሞ የድንጋይ ሽበት ለብሷል፣ ያንሸራትታል ብለው ጣሉት። ድንጋይ እንደ ሙሽራ ሲመረጥ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በሦስተኛው ቀን ጊንጪ ላይ ታጥፈን በጎጆ ከተማ በኩል ካቺሲ ገባን። ከካቺሲ አልፎ መሬቱ ወደ አባይ በረሃ ድንገት የሚቆረጥበት ቦታ ስንደርስ አራቱም ከመኪናው ዘለው ወረዱና አፋፉ ላይ ተደርድረው ቆሙ። እኔም ገባኝ፤ ሙሽራዋ ተገኝታለች።

ዱጋሳን እዚያው ገደሉ አፋፍ ላይ አገኘነው። ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ፣ አጠር ያለ፣ እጁ ከጉልበቱ በታች የሚደርስ የሚመስል ሰው ነበር። አባቱም አያቱም ከዚያ ገደል ማር ሲቆርጡ የኖሩ ናቸው። አባቱ ዕድሜውን ሙሉ ተንጠልጥሎ ኖሮ በእርጅና አልጋው ላይ ነው የሞተው። ዱጋሳ ሰላምታ ይከብደዋል። ገበያ ላይ ማሩን ሲሸጥ አንድ ዋጋ ይናገራል፤ ገዢ ከተከራከረው እንስራውን ከድኖ ይነሳል። የሚያውቀው አማርኛ ቁጥርና «ደህና ነህ» ብቻ ነበር። ሚስቱ ቢፍቱ ደግሞ እሱ ያልተናገረውን ሁሉ የምትናገር፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። ጣቢታ የምትባል የአስር ዓመት ሴት ልጅ ነበረቻቸው።

«አካም ጂርቱ» ተባባልንና ዱጋሳ የልጆቹን ብረታ ብረትና ገመድ በዓይኑ መዘነ። «ማሩን ፈልገው ነው የመጡት?» አለኝ።

«አይደለም፣ ኦቦ ዱጋሳ። ድንጋዩን መውጣት ብቻ ነው የሚፈልጉት።»

«ከወጡ በኋላስ?»

«ይወርዳሉ።»

«ምን ይዘው?»

«ምንም።»

ዱጋሳ ሳቀ። ቢፍቱ ባሏ ሲስቅ አይታ እሷም መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። በማግስቱ ግን ልጆቹ ግማሽ ቀን የፈጀባቸውን ቦታ በባዶ እግሩ፣ እጁ ላይ ምራቁን እንትፍ ብሎ፣ ሻይ እስኪፈላ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ወጣላቸው። ሰሎሜ አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ወዲያ የሚወጡበትን ሁሉ እሱን ሳትጠይቅ አልነካችም፤ የቱ ድንጋይ ይላቀቃል፣ የቱ ጋ ንቦቹ ቁጡ ናቸው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከየት ይመጣል። እኔ በመሐል ቆሜ ወዲህና ወዲያ ሳስተረጉም ምላሴ ደረቀ።

የዱጋሳ ገመድ ከበሬ ቆዳ የተገመደ፣ ከአባቱ የወረሰው መጫኛ ነበር። ከአፋፉ ላይ ካለ ወይራ ግንድ ጋር ያስረውና ስልቻውን በጀርባው፣ የሚጨስ ኩበት በእጁ ይዞ ይወርዳል። ሰሎሜ ገመዱን ዳሰሰችው፣ አሸተተችው፣ ስለ አያያዙ ጠየቀች። ያን ጊዜ ቢፍቱ የቤታቸውን ደንብ ነገረችን። ገመዱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለፋሲካና ለመስቀል፣ ለጋ ቅቤ ይጠጣል። ሌላውን ጊዜ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ ጭስ እየጠገበ ይከርማል፤ አይጥም ነቀዝም አይደፍረውም። የምትቀባው ግን ሚስት ናት። የሚወርድበት ሰው ራሱ አይቀባውም፤ እንዲህ ካላደረጉ ሚስት ስለ ባሏ ነፍስ ምን አገባት ይላሉ። የዱጋሳ እናትም እንዲሁ ስትቀባ ኖራ፣ ቢፍቱ ስታገባ መጀመሪያ ያስረከቧት የቤት ዕቃ ያ ገመድ ነው።

ሰሎሜ ይህን ሁሉ ስተረጉምላት በጥሞና ሰማች። መጫኛው እንዳረጀና አንዱ ጉንጉን መላላት እንደጀመረ አይታለች። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን፣ ልንመለስ ዕቃ ስንጭን፣ አንድ አዲስ ሰማያዊ ገመድ ከነጥቅሉ አውጥታ ለዱጋሳ በሁለት እጇ ሰጠችው። ጥሩ ልጅ ነበረች፤ ልደብቀው አልችልም። ከሰጠችው በኋላ ፊቱን እያየች በአማርኛ እንዲህ አለች።

«ኦቦ ዱጋሳ፣ ይህኛው እንደ ቆዳው አይደለም። ከእሳት መራቅ አለበት፤ ቆጥ ላይ እንዳይሰቀል። ጭሱም ሙቀቱም ይገድለዋል። ምንም ነገር እንዳይቀባ፤ ቅቤም፣ ዘይትም። ከመውረድዎ በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅዎ ይዳስሱት። የደረቀ ቦታ ካገኙ ይጣሉት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ይገዙ፣ ይህቺን በደንብ ንገርልኝ።»

ሰዓቱ አሥር ሆኗል። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። የጎጆን ዳገት ሳይመሽ ማለፍ እፈልጋለሁ። ጠዋት ደግሞ ይህቺው ልጅ ኩርባ ላይ ፍጥነት ቀንስ ብላ በልጆቹ ፊት ገሥጻኛለች፤ ሃያ ዓመት የነዳሁትን ሰውዬ። ደግሞስ ዕድሜውን በገመድ የኖረን ሰው ስለ ገመድ ልታስተምረው ነው? ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ውስጤ ነበር። ሰበብ ብዬ አይደለም የምዘረዝረው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ስፈልግ ዓመታት አልፈውኝ ስላላገኘሁ ነው።

«ይህ ገመድ አይበጠስም ትላለች» አልኩት በኦሮምኛ። «በሬ ቢጎትተው እንኳ አይበጠስም። በደንብ አድርገው ይያዙት ብላለች።»

ዱጋሳ ራሱን ነቀነቀ። ቢፍቱ ገመዱን ተቀብላ እንደ ሕፃን አቀፈችው።

ሰሎሜ ጥርጣሬ ገብቷት «እኔ ይህን ሁሉ ተናግሬ ያንተ እንዴት አጠረ?» አለችኝ።

«ኦሮምኛ አጭር ነው» አልኳትና ሞተሩን አስነሳሁ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

እነ ዱጋሳም የተባሉትን አደረጉ፤ በደንብ ያዙት። ለፋሲካ ቢፍቱ ካለቻቸው አንዲት ላም የተናጠውን ለጋ ቅቤ ለይታ፣ ክር በክር እያሸች አጠጣችው። ለቤቱ ራት ሽሮው ያለ ቅቤ ቀርቧል፤ ይህን ቆይታ ጎረቤቶቿ ናቸው የነገሩኝ። ከዚያ አሮጌውን አውርዳ አዲሱን ቆጥ ላይ፣ ልክ ከእሳቱ በላይ፣ ሰቀለችው። በሰኔ ዱጋሳ ወርዶበት በሰላም ወጣ፤ ገመዱንም ሳመው አሉ። ክረምቱን ሙሉ ደግሞ ጭስና እሳት ሲበላው ከረመ። ለመስቀል እንደገና ቅቤ ጠጣ። ሰማያዊነቱ ጠፍቶ እንደ ጥላሸት ሲጠቁር ቢፍቱ ደስ አላት፤ የበሰለ መሰላት።

ኅዳር 2012፣ ማር የሚቆረጥበት ወር፣ ዱጋሳ ገመዱን ከወይራው ጋር አስሮ ወረደ። ቢፍቱ እንደ ሁልጊዜው ቋጠሮውን እየጠበቀች አፋፉ ላይ ተቀምጣለች። እያወራችው ነበር፤ እሱ ታች ሆኖ ባይመልስላትም ማውራት ልማዷ ነው። ገመዱ ሲበጠስ ድምፅ እንኳ አልነበረውም አለችኝ። የተወጠረው ላላ፣ በቃ። ዱጋሳ የስልክ እንጨት የሚያህል ከፍታ ወድቆ አንድ እርከን ላይ አረፈ። ገደሉ ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ በዚያው ባለቀለት። ጎረቤቶች በቃሬዛ አወጡት፤ ከካቺሲ በጭነት መኪና አምቦ ደረሰ። ወገቡ ተሰብሯል፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አይሰማውም።

ቢፍቱ አምቦ ውስጥ የምታውቀው ሰው እኔን ብቻ ነው። አስደውላ አስጠራችኝና ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ከነጠላዋ ጫፍ የተቋጠረ ነገር ፈታች። የተበጠሰው ገመድ ጫፍ ነው።

«ኦቦ ይገዙ፣ እርስዎ የልጅቷን ንግግር የሰሙ ነዎት። እስኪ ይንኩት። ቅቤ ያነሰው ይመስላል?»

ነካሁት። እንደ ደረቀ ጭራሮ ይሰባበራል፤ ጫፉ ላይ ክሩ ቀልጦ ተጣብቋል፣ ጣቴ ላይ የቀረው የቅቤና የጥላሸት ቅባት ነው። የሰሎሜ ንግግር ቃል በቃል መጣልኝ። አንዱም አልጠፋኝም። በዚያች ደቂቃ አፌን ብከፍት ኖሮ ጥፋቴ የአንድ ሰው ወገብ ብቻ ይሆን ነበር።

«እኔ ስለ ገመድ ምን አውቃለሁ፣ አዴ ቢፍቱ» አልኳት።

ዱጋሳ አልጋ ላይ ሆኖ ሁለት ወር አሰበ። የማይናገር ሰው ሲያስብ ክፉ ነው። አስቦ አስቦ የደረሰበት ይህ ነው፤ ገመዱ አይበጠስም ተብሏል። አይበጠስም የተባለ ገመድ ከተበጠሰ የጎደለው ቅቤው ነው። ቅቤውን የምትቀባው ደግሞ ቢፍቱ ናት። ቤቱ እንደተመለሰ ሽማግሌ አስጠራ።

በጥር፣ ሽማግሌዎቹ እሱ ከተኛበት መደብ ዙሪያ ተቀመጡ። ሰብሳቢው ኦቦ ሂርጳ የሚባሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ለምስክርነት ብለው እኔንም አስጠሩኝ። መንገዱን ሙሉ እናገራለሁ እያልኩ ነው የነዳሁት፤ ጎጆ ላይ ቆሜ ሻይ ስጠጣ እንኳ ቃሉን በአፌ ተለማምጄዋለሁ።

መጀመሪያ ቢፍቱን ጠየቋት። «ለመስቀል ቅቤ ገበያ አውጥተሽ ሸጠሻል?»

«ሸጫለሁ» አለች። «ለጣቢታ ደብተር። የገመዱን ግን አስቀድሜ ለይቼ ነው። ከገመዱ ላይ ጣቴን እንኳ አልላስኩም።»

መዋሸት ትችል ነበር። ገበያ ላይ ያያት ሰው መኖሩን ማንም አልተናገረም። እውነቱን በመናገሯ የክፍሉ አየር ሲዞርባት አየሁ፤ ጣቢታም በሩ ጋ ቆማ እናቷን ታያለች።

ከዚያ ኦቦ ሂርጳ ወደ እኔ ዞሩ። «ኦቦ ይገዙ፣ ገመዱን የሰጠችው ልጅ ስለ አያያዙ የተናገረችው ነገር ነበር ወይ? እርስዎ ነዎት በመሐል የነበሩት።»

ዱጋሳ ከመደቡ ላይ አየኝ። እግሮቹ በብርድ ልብሱ ሥር ሁለት እንጨት መስለዋል። አሁን ብናገር ጉማ፣ የደም ካሳ፣ ይጠይቁኛል፤ የሰው ወገብ ሰባሪ እባላለሁ፤ ከዚህ በኋላ በዚህ መንገድ የሚቀጥረኝ የለም። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ቢፍቱን ግን አላሰብኩም፤ እውነቱ ይህ ነው።

«አይበጠስም ነው ያለችው» አልኩ ዓይኔን በጨው ታጥቤ። «በደንብ ይያዙት ብላለች። ሌላ ያለችው የለም።»

«ሰማችሁ!» አለ ዱጋሳ። «ይህቺ ሴት ነፍሴን ገበያ አውጥታ ሸጠችው።»

ቢፍቱ ማለች። በልጇ ማለች፣ በቤተክርስቲያኑ ማለች። ኦቦ ሂርጳ ሊያስታርቁ ሞከሩ፤ ዱጋሳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ ከመውጣቴ በፊት ቢፍቱ ደጅ ድረስ ሸኘችኝና አመሰገነችኝ። ከሩቅ ስለ መጣሁ። ከዚያ ምስጋና እስከ ዛሬ አልወጣሁም።

በሳምንቱ ከቤት ወጣች። ጌዶ ወንድሟ ጋ ሄደች አሉ። ጣቢታን ዱጋሳ አልሰጥም አለ፤ የምታበላው የምታጥበው እሷ ናት፤ በዚያ ላይ ልጅቷ ራሷ «ከሷ ጋር አልሄድም» አለች። የአስራ አንድ ዓመት ልጅ አባቷን ከወገብ በታች እያጠበች አደገች። በየቀኑ የምትሰማው አንድ ታሪክ ነው፤ እናትሽ ቅቤውን ሸጠችው። እናቷ በሰው እጅ ልብስ ስትልክላት ሳትለብሰው መልሳ ላከችው።

ከዚያ መንገዱም አገሩም ሰላም አጣና ወደ ካቺሲ መሄድ ቀረ። እኔም ይህንን እንደ ሰበብ ያዝኩት። ይከፈትና እሄዳለሁ እላለሁ። ሲከፈት፣ ዛሬ ሥራ አለኝ እላለሁ። ሰሎሜ አንድ ጊዜ ደውላ «ኦቦ ዱጋሳ ደህና ናቸው? ገመዱ አገለገላቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ደህና ነው አልኳት። ምን ይደረጋል፣ ውሸት ከለመዱት አፍ ላይ አይከብድም።

በ2016 ሚያዝያ ላይ ዱጋሳ ሞተ። ጀርባው ቆስሎ፣ ቁስሉ አልድን ብሎ ነው የሞተው። ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ጣቢታ አሥራ ስድስት ሊሞላት ነው፣ እጇ የአባቷ እጅ ነው፣ ዓይኗ ደረቅ ነው። ቢፍቱ አልመጣችም፤ እንዳትመጣ ብላ የላከችባት ጣቢታ ናት። ያን ቀን ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩና በሁለተኛው ሳምንት ወደ ጌዶ ነዳሁ።

ቢፍቱን ገበያ ውስጥ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ስትሸጥ አገኘኋት። ከዚያ ከሩቅ ይሰማ ከነበረ ሳቋ የቀረው ትንሽ ድምፅ ነው። «ኦቦ ይገዙ!» ብላ ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ሰሎሜ ያለችውን፣ እኔ ያልኩትን፣ ሽማግሌዎቹ ፊት የካድኩትን።

እየሰማችኝ ድንቾቹን ደረደረች። አንድ ደንበኛ መጥቶ የድንች ዋጋ ጠየቃት፤ ነገረችው፤ ሄደ።

«እሱስ?» አለችኝ። «ለሱ ነግረኸዋል?» እኔን አንተ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«አልነገርኩትም።»

«እንደጠላኝ ሞተ።»

«አዎ።»

«ሞቱን ጠብቀህ መጣህ።»

ትጮህብኛለች፣ ድንጋይ ታነሳብኛለች ብዬ ነበር። ይህን ብታደርግ ሸክሜ ይቀለኝ ነበርና እሷ ያንን አላደረገችልኝም። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ከጉያዋ ትንሽ ስልክ አወጣች።

«እኔ ምንም አልፈልግም» አለች። «ልጄን ንገርልኝ። አሁን፣ እኔ እየሰማሁ። የኔን ቁጥር ካየች አታነሳም፤ ባንተ ስልክ ደውል።» ቁጥሩን በቃሏ ነገረችኝ፤ ማየት ሳያስፈልጋት።

ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አድርጌ በመሐላችን ያዝኩት። ጣቢታ አነሳች። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፤ አስታወሰችኝ፤ ቀብር ላይ ስለ መጣሁ አመሰገነችኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። አንዲት ቃል አላስቀረሁም። ከእሳት ይራቅ የተባለውን፣ ቅቤ እንዳይቀባ የተባለውን፣ የእናቷን እጅ ንጹሕነት። ቢፍቱ ዓይኖቿን ጨፍና፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትሰማለች።

«ኦቦ ይገዙ» አለች ጣቢታ ስጨርስ፣ በትሕትና፣ እንደ ትልቅ ሰው። «ሽማግሌ ፊት የተናገሩትን እኔ በሩ ጋ ቆሜ ሰምቻለሁ። አባቴ በሕይወት እያለ የት ነበሩ? እናቴ ስንት ከፈለችዎት?»

መልስ ሳልሰጣት ዘጋችው። ቢፍቱ ዓይኗን ገልጣ ስልኩን አየችው።

«እንደገና ደውል» አለችኝ።

ደወልኩ። አላነሳችም። ቢፍቱ «እንደገና» አለች። እንደገና ደወልኩ። ገበያው እስኪበተን ድረስ እዚያ ቆሜ ደወልኩ።